እስከ አፉ የተሞላ ዲፈረንሻል

(አዳማ፣ እሑድ ከሰዓት፤ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የሚወዳደሩበት አቧራማ ሜዳ ዳር። የፍጻሜው ውድድር ሊጀመር ነው፤ ብርዛፍ ከድንኳኗ ሥር መኪናዋን እየወለወለች ነው፣ የቀድሞ ባሏ አጥናፉ የራሱን መኪና ታቅፎ ፊቷ ቆሟል።)

አጥናፉ፦ ካቻቢቴ ነው የጠየቅኩሽ እንጂ ኩላሊት ስጪኝ አላልኩሽም!

ብርዛፍ፦ ኩላሊቴማ ደህና ነው። የላጥከው ጨጓራዬን ነው።

አጥናፉ፦ የክለቡን ደንብ ታውቂዋለሽ። ሜዳ ላይ መሣሪያ አይከለከልም። ጠላትም ቢሆን።

ብርዛፍ፦ መሣሪያ አይከለከልም አለ እንጂ ምክር አይከለከልም አላለም። እጅም አይከለከልም አላለም። ያውልህ ሳጥኑ፣ የምትፈልገውን አንሳና ከጥላዬ ውጣ።

አጥናፉ፦ ሳጥኑ እኮ የሁለታችን ነበር።

ብርዛፍ፦ ነበር! የፍቺው ዕለት ጋሽ ተካልኝ ምን አሉ? «መኪናዋ ለእሱ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ለእሷ፤ እኩል ናችሁ፣ ማንም አልተጎዳ።» አንተም ሌሎቹ ሽማግሌዎች አሜን ሳይሉ አሜን አልክ።

አጥናፉ፦ እና ምን ልበል? ቤት አካፍለው፣ አልጋ አካፍለው የደከማቸው ሰዎች ስለ መጫወቻ መኪና ሌላ ቀን ይቀጠሩ?

ብርዛፍ፦ መጫወቻ! ያን ጊዜ መጫወቻ ነበረች? መኪናዋን ታቅፈህ እየሳቅክ ወጣህ፣ እኔ ብረት ተሸክሜ ወጣሁ። ከሳጥኑ ውስጥ ባለው ቁርጥራጭ ይቺን ሠራሁ። ዛሬ የማን ደጅ ማን ይጠናል?

አጥናፉ፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ብርዛፍ፦ ኤዲያ! አንተን ያገባችውስ ምን ቸግሯት ነበር?

አጥናፉ፦ ብርዛፍ፣ አሁን ይሄን ተይው። ክለቡ ያለውን ረሳሽው? በየእሑዱ ስንሰዳደብ ሰውን አሰለቸነው። ዛሬ ከሁለታችን ወደኋላ የቀረው ከክለቡ ይወጣል ተባለ፣ እኔም አንቺም እጃችንን አውጥተን እሺ አልን። በዚች መኪና ከገባሁ አለቀልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሚኒባስ ላይ ከረዳት ጋር፣ ከትራፊክ ጋር፣ ከመልስ ጠያቂ ጋር ስጯጯህ ነው የምውለው። ያለኝ ይሄ ሜዳ ብቻ ነው።

ብርዛፍ፦ እኔስ ምን አለኝ? ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን አጎንብሼ አንገቴ ተቆልምሟል። እሑድ እዚህ ባልመጣ አብዳለሁ። ስለዚህ አንተ ብትወጣልኝ ሻማ ነው የማበራው።

አጥናፉ፦ አብሪ፤ በኋላ ታበሪያለሽ። ይኸውልሽ፣ ጎማ ቀየርኩላት፣ አልተሻላትም። ከኩርባ ስትወጣ ነዳጅ ስሰጣት…

ብርዛፍ፦ ባትሪ ነው የምትበላው! ነዳጅ፣ ነዳጅ… አሁንም ሚኒባስህ ላይ ነህ።

አጥናፉ፦ እሺ ባትሪ! ስሰጣት አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ይዞራል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። ጠዋት እኮ እንደዚህ አልነበረችም። ፀሐዩ ሲበረታ ነው የጀመራት።

ብርዛፍ፦ እና ጎማ ቀየርክ።

አጥናፉ፦ የሚሾረው ጎማው አይደል!

ብርዛፍ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

አጥናፉ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ብርዛፍ፦ ምንም። ምክር በደንቡ የለም ብያለሁ።

አጥናፉ፦ ተናገሪው እንጂ! ጀምረሽ ማቆም ልማድሽ ነው።

ብርዛፍ፦ ከግማሽ ፍጻሜው ጀምሮ የኋላዋ ሲያፏጭ ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

አጥናፉ፦ ሰምተሽ ዝም አልሽ?

ብርዛፍ፦ ታዲያ እልል ልበልልህ? ዲፈረንሻሉ ነው።

አጥናፉ፦ እሱስ አይሆንም። ዲፈረንሻሉን ትናንት ራሴ ነኝ ፈትቼ ዘይት የቀየርኩለት።

ብርዛፍ፦ አሃ።

አጥናፉ፦ ምን አሃ?

ብርዛፍ፦ አንተ ከነካኸው ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አጥናፉ፦ አየሽ? አየሽ እንዴት እንደሆንሽ! ሰው ሲቸገር ምላስሽ ይሳላል።

ብርዛፍ፦ ምላሴን ትተህ መኪናህን አስቀምጥ። የሞተሩን ማርሽ በጣትህ ጥብቅ አድርገህ ያዝና አንዱን የኋላ ጎማ አዙር። በቀስታ! ልትነቅለው ነው እንዴ?

አጥናፉ፦ ሌላው ወደ ኋላ ዞረ።

ብርዛፍ፦ ይዙራ፣ የተፈጠረው ለዚህ ነው። አንዱ ወደፊት ሲል ሌላው ወደኋላ ይላል፤ እንደኔና እንዳንተ። ይከብዳል ወይስ ይቀልላል?

አጥናፉ፦ ይቀልላል። እንደ እንዝርት ነው የሚሾረው።

ብርዛፍ፦ እንግዲያው ውስጡ ዘይት የለም። ሁለቱን ጎማዎች ልጓም የሚያስይዛቸው ያ ማር የመሰለ ዘይት ነው። እሱ ከሌለ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀለለው ጎማ ይሄዳል። አየር ላይ ያለው ይሾራል፣ መሬት የያዘው ተኝቶ ያየዋል።

አጥናፉ፦ እንዴት ዘይት አይኖረውም? እስከ አፉ ነው የሞላሁት! ጠብታ የምታስገቢበት ቦታ አልተውኩም።

ብርዛፍ፦ ምን አልክ?

አጥናፉ፦ እስከ አፉ። ጠርዙ ላይ አብጦ እስኪቆም።

ብርዛፍ፦ ወይ እትዬ ወርቅያንስ!

አጥናፉ፦ እናቴን ደግሞ ምን አመጣት?

ብርዛፍ፦ እሳቸው ናቸዋ የሞሉት! አንተ እጅህን ብቻ ነው ያዋስካቸው። የመጀመሪያው ዓመት፣ ለአጎትህ ጠላ ስቀዳ፣ ልብሳቸው ላይ እንዳይፈስ ብዬ ከጠርዙ ዝቅ ባደርገው፣ እናትህ ያን ሁሉ ሰው ፊት ምን አሉኝ? «የጎዶሎ ቤት ልጅ» አሉኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ!

አጥናፉ፦ ጎዶሎ መቅዳት ነውር ነው። እንግዳ «ባትመጣ ይሻል ነበር» ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን አልፈርድባትም።

ብርዛፍ፦ ዲፈረንሻል እንግዳ አይደለም! ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ማበጫ ቦታ ካጣ ክዳኑን የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን በጥሶ ይወጣል። እዚህ የአዳማ ፀሐይ ላይ ደግሞ ምን እንደሚሆን ራስህ አስበው። ክፈተው። ባዶ ካልሆነ ጆሮዬን ቁረጠው።

አጥናፉ፦ እከፍተዋለሁ። ባዶ ካልሆነ ግን ጆሮሽን አልፈልግም፣ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ።

ብርዛፍ፦ ክፈት! ከሆዷ በኩል አራት ቡሎን ነው የያዛት። እያወጣህ ይቺ ቆርኪ ውስጥ አድርጋቸው። እንደ ልማድህ አፈር ላይ እንዳትበትን። አንዷ ብትጎድል ቤቱ ይላላል፣ ሁለት ዙር ሳትሄድ ማርሹ እርስ በርሱ ጥርሱን ይበላል።

አጥናፉ፦ ይሄን እንኳ አውቃለሁ።

ብርዛፍ፦ ጎበዝ። የምታውቀው ነገር በመገኘቱ እግዜር ይመስገን።

አጥናፉ፦ በስመ አብ…

ብርዛፍ፦ ምነው? እናትህ አሉበት?

አጥናፉ፦ ዘይቱ በሙሉ ውጪ ነው ያለው። ቻሲው ሁሉ ታጥቧል። ጓርኒሲዮኑም ለሁለት ተበጥሷል።

ብርዛፍ፦ ደግ አደረገህ።

አጥናፉ፦ ጓርኒሲዮን አለሽ?

ብርዛፍ፦ አንድ አለችኝ። ለራሴ ያስቀመጥኳት።

አጥናፉ፦ ደንቡ…

ብርዛፍ፦ ደንቡ መሣሪያ ነው የሚለው። ጓርኒሲዮን መቼ ነው መሣሪያ የሆነው?

አጥናፉ፦ ጋሽ ተካልኝ ሲያካፍሉን «ሳጥኑ ከነሆዱ ዕቃው» ነው ያሉት። ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ የመሣሪያ ሳጥን ነው። መሣሪያ ነው።

ብርዛፍ፦ ለእንዲህ ያለውማ ጠበቃ ነህ! የቤት ዕቃ ስንካፈል ይሄ አፍህ የት ነበር? እንካ! ያዝ፣ ታንቀህ… ኧረ ቀስ በል! ጠማማ አደረግካት! በሁለት ጣት፣ በሁለት ጣት ነው የምትያዘው!

አጥናፉ፦ አትጩሂብኝ! ስትጮሂ ጭራሽ ይጠፋብኛል!

ብርዛፍ፦ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት! አምጣ ወዲህ። ያንተ ጣት መሪ ለመጨበጥ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።

አጥናፉ፦ እጄን አልሰጥም አላልሽም?

ብርዛፍ፦ ላየው አልቻልኩማ! ጥሩ ዕቃ ሲበላሽ ዓይኔ አይችልም። አንተ የኔን መኪና ያዝልኝ፤ አቧራ ላይ እንዳትተዋት፣ ከፍ አድርገህ ያዛት። ግን ምንም አትነካ። ምንም!

አጥናፉ፦ ይዣታለሁ። ቀላል ናት። በዚህ ቁርጥራጭ እንዲህ ትወጣለች ብዬ… ብርዛፍ፣ ይቺ የቀኝ የፊት ጎማሽ…

ብርዛፍ፦ አትነካካ አልኩህ!

አጥናፉ፦ አልነካሁም። ሳያት ግን…

ብርዛፍ፦ አትያት! ይኸውልህ፣ ወደዚህ ተመልከት ይልቅ። ዘይቱ መሃል ያለው መስቀሉ እስኪሸፈን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ይቆማል።

አጥናፉ፦ ይሄማ ጎዶሎ ነው።

ብርዛፍ፦ ጎዶሎ ነው! ጎዶሎው ነው የሚያኖረው! ያ የኖርንበት ቤትም ይሄ ነው የጎደለው። ወደ ሐረር የሚሄድ እኛ ጋ ያድራል፣ ከሐረር የሚመለስ እኛ ጋ ያድራል። አክስት፣ ያክስት ልጅ፣ ያክስት ልጅ ጓደኛ። ጠዋት ሥራ ስሄድ ሳሎን የተኛ ሰው ተራምጄ ነው የምወጣው። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ «ዛሬ ማንም አይምጣብን» ባልኩ ወር አኮረፍከኝ።

አጥናፉ፦ ዘመዶቼ ናቸው! በር ልዝጋባቸው?

ብርዛፍ፦ ክፍተት ተው ነው ያልኩህ እንጂ በር ዝጋ አላልኩህም።

አጥናፉ፦ ብለሻል! ታናሽ ወንድሜ ፈተና ሊፈተን መጥቶ «መቼ ነው የሚሄደው» ብለሽኛል፤ ልጁ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል። በማግስቱ ሳይነግረን ሄደ። አንቺ እኮ ሁሉን በልክ ነው። ወጥ በልክ፣ ሳቅ በልክ። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ እንኳ «እንዴት አደርክ» ስትዪኝ በካቻቢቴ ለክተሽ ነው ያጠበቅሽው። አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አልፈሰሰልሽም፤ ለኔ እንኳ።

ብርዛፍ፦ ዘይቱ አረፋ ይዟል። አረፋው እስኪወጣ ዝም በል።

አጥናፉ፦ ዝም አልኩ። ይሄን ጎማ ግን…

ብርዛፍ፦ አጥናፉ! ስለኔ መኪና ከአፍህ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። አንዲት ቃል ብትወጣ ይሄን ዘይት አፈር ላይ ነው የምደፋው። ልታስደነብረኝ ነው የመጣኸው? አንተ ዘንድ ነው መኪና የምማረው?

አጥናፉ፦ እሺ። ራስሽ ነሽ ያልሽው። ፀሐይ ምስክሬ ናት።

ብርዛፍ፦ ጓርኒሲዮኗ ገባች። ክዳኑ ገጠመ። አሁን ጎማውን አዙር… እንዴት ነው?

አጥናፉ፦ ከበደ። ደህና አድርጎ ከበደ።

ብርዛፍ፦ እንደዚያ ነው። በቡሎኖቿ መልሼ ልሰራት፣ ዘወር በልልኝ፣ ብርሃኔን ጋርደሃል።

አጥናፉ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ሠራሽልኝ? ካቻቢቴውን ሰጥተሽኝ ዝም ብትዪ እኮ አሸንፈሽኝ ነበር።

ብርዛፍ፦ ላንተ አዝኜ መሰለህ? በተበላሸ መኪና ብትሸነፍ ዕድሜ ልክህን «ዲፈረንሻሉ ነው እንጂ» እያልክ ትኖራለህ። መናኸሪያው ሁሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ይሰማል። እናትህ ለቅሶ ቤት ሄደው ያወሩታል። ሰበብ እንዳይኖርህ ነው! በደህና መኪና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ላባርርህ ነው።

አጥናፉ፦ ክፉ ነሽ።

ብርዛፍ፦ ያስተማረኝ ይመስገን።

አጥናፉ፦ ሰማሽ? ዳኛው ስማችንን ጠራ። ቶሎ በይ።

ብርዛፍ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አታጣድፈኝ።

አጥናፉ፦ ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል እኮ! በይ እንጂ!

ብርዛፍ፦ በቃ። አለቀ። ውሰዳት።

አጥናፉ፦ ሆዷን ልያት እስቲ…

ብርዛፍ፦ ምኑን ነው የምታየው? ሠርቼልህ ደግሞ ልትፈትሸኝ? ተጠርተሃል፣ ሂድ! የኔን አምጣት።

አጥናፉ፦ እሺ፣ እሺ። አመሰግናለሁ አልልሽም።

ብርዛፍ፦ እንዳትል። ብትል ያንቅሃል።

አጥናፉ፦ እንኪ መኪናሽን።

ብርዛፍ፦ አምጣ። ምነው አትለቃትም እንዴ?

አጥናፉ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ብርዛፍ፦ ጭራሽ ስድብ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?

አጥናፉ፦ የቀኝ የፊት ጎማሽ ዳዶ ላልቷል። በጣት ይዞራል። ደጋግሜ ልነግርሽ ስል አፌን ዘጋሽው። ከዚያ «እሰይ» አልኩ፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ጎማሽ ብቻውን ወደ ተመልካቹ ሲሮጥ ታየኝ፤ በሆዴ ስስቅ ነው የቆየሁት።

ብርዛፍ፦ ውሸትህን ነው። ራሴ ነኝ ያሰርኩት።

አጥናፉ፦ ንኪውና እዪው።

ብርዛፍ፦ … በማርያም! ልትወልቅ ነው!

አጥናፉ፦ ይኸው መፍቻው፣ አጥብቂው። ላንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ ደግሞ። አንቺም «ጎማዬ ወልቆ ነው እንጂ» እያልሽ ዕድሜዬን ስታደርቂኝ መስማት አልፈልግም። እኔም ባሸንፍ ያሸነፍኩ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ብሸነፍም… ብሸነፍም በደህና ዲፈረንሻል ነው የተሸነፍኩት፣ ሰበብ የለኝም። በይ ቻው።

ብርዛፍ፦ አጥናፉ።

አጥናፉ፦ አቤት።

ብርዛፍ፦ መኪናህን መልሳት።

አጥናፉ፦ አሁን? ሊጀመር ነው እኮ! አለቀ አላልሽም?

ብርዛፍ፦ መልሳት ስልህ መልሳት! ዳኛውን ትንሽ ታገሰን በለው። እዚህ አስቀምጥና ገልብጣት።

አጥናፉ፦ ምን ጉድ ነው ደግሞ… ይኸው ገለበጥኳት። ምኗን ነው የማየው? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ብርዛፍ፣ ሦስት ቡሎን ነው ያለው! አራተኛዋ የታለች? ቆርኪዋም ባዶ ናት። አፈሩ ላይ ወድቃ ይሆናል፣ ቆይ ልፈልጋት…

ብርዛፍ፦ ተነስ። አፈር ላይ አትፈልግ።

አጥናፉ፦ ታዲያ የት ሄደች?

ብርዛፍ፦ እጄ ውስጥ ናት።